በጀቱን እንደ በሽተኛ የመረመረ ሐኪም

ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ አንድ ቀልድ ሲዘዋወር አየሁ። የጀርመኑ ኃያል ሰው ኦቶ ፎን ቢስማርክ በአንድ ሐኪም ተናዶ መሣሪያ ይዞ ለአንድ ለአንድ ፍልሚያ ይጠራዋል። መሣሪያ የመምረጡ ዕድል የሐኪሙ ነበርና ሁለት ቋሊማ ይዞ መጣ፤ አንዱ ንጹሕ፣ ሌላው ገዳይ ትል ያለበት። ቢስማርክ አንዱን መርጦ እንዲበላ፣ የቀረውን ደግሞ ራሱ እንደሚበላ ሐሳብ አቀረበ። ቢስማርክም ፈርቶ ነገሩን ተወው ይላል ቀልዱ።

ስቄ ላልፈው ነበር። ግን ሐኪሙ ማን ነው ብዬ ሳነብ ቋሊማው ኋላ የተጨመረ ተረት ነው። የፍልሚያው ጥሪ ግን እውነት ነው፤ የጠቡ መነሻ ደግሞ የመንግሥት ገንዘብ ነበር። ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ይሆናል፣ እውነተኛው ታሪክ ከቀልዱ በላይ ያዘኝ።

ሰውየው ሩዶልፍ ፊርኾ ይባላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1821 ዛሬ ፖላንድ ውስጥ ባለች፣ ያኔ የፕሩሲያ በነበረች ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ ያርሳል፣ የከተማዋም ገንዘብ ያዥ ነበር። ቤተሰቡ ሀብታም ስላልነበረ ፊርኾ በርሊን በሚገኝ የጦር ሐኪሞች ማሠልጠኛ በነፃ ተማረ። በ1843 ተመርቆ ሻሪቴ በሚባለው ትልቅ ሆስፒታል ሥራ ጀመረ።

ሕይወቱን የቀየረው 1848 ነው። ላይኛው ሲሌዢያ በሚባለው የፕሩሲያ ግዛት ተስቦ ገብቶ ሕዝቡን ይፈጅ ነበር። ጋዜጦች ጉዳዩን ሲያነሱት መንግሥት መርማሪ ላከ፤ ከተላኩት አንዱ የ26 ዓመቱ ፊርኾ ነበር። እዚያ የቆየው ሦስት ሳምንት እንኳ አይሞላም። ያየው ግን ከአእምሮው አልጠፋም። ድንቹ ተበላሽቷል፣ ሕዝቡ ይራባል፣ አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ቤተሰብ ከነከብቱ ያድራል። ሕዝቡ ፖላንድኛ ይናገራል፣ ሹማምንቱና ትምህርቱ በጀርመንኛ። መሬቱ የጥቂት ባላባቶች ነው። እርዳታ ደግሞ የመጣው ብዙ ሰው ከሞተ በኋላ ነው።

ተስቦን ቅማል እንደሚያስተላልፈው በዚያ ዘመን ማንም አያውቅም ነበር። ፊርኾ ሪፖርቱን ሲጽፍ ታዲያ ስለ መድኃኒት ብዙም አላለም። መፍትሔ ብሎ ያቀረበው ዴሞክራሲ፣ በሕዝቡ ቋንቋ የሚሰጥ ትምህርት፣ መንገድ፣ የተሻለ እርሻ፣ ድሃውን የማይጫን ግብር ነው። ለአለቆቹ ይህ የሕክምና ሪፖርት ሳይሆን ክስ ነበር፤ ወረርሽኙን ያመጣው አስተዳደሩ ነው ማለቱ ነውና።

ከዚያ ሲመለስ በርሊን አብዮት ላይ ደረሰ። እሱም ከሰልፈኞቹ ጋር ቆመ፣ ስለ ሕክምና ማሻሻያ የሚጽፍ ሳምንታዊ ጋዜጣም አቋቋመ። ድሃ ሐኪም የማግኘት መብት አለው፣ ጤና የመንግሥት ግዴታ ነው ብሎ ተከራከረ። አብዮቱ ሲከሽፍ ዋጋውን ከፈለ፤ በ1849 ከሥራው ታገደ። ቩርዝቡርግ የሚባል ዩኒቨርሲቲ ተቀበለውና ሰባት ዓመት እዚያ ቆየ። በርሊን መልሳ የጠራችው ዝናው ችላ የማይባል ሲሆን፣ በ1856 ነው። በሽታ የሚጀምረው ከሴል እንደሆነ ያስረዳበትን ታላቅ መጽሐፉን በ1858 አሳተመ።

በሳይንስ እዚህ ከደረሰ በኋላ ፖለቲካውን ትቶ በሰላም መኖር ይችል ነበር። አልተወውም። በ1859 የበርሊን ከተማ ምክር ቤት ገባ፣ በ1861 የተራማጆች ፓርቲን ከመሠረቱት አንዱ ሆነ፣ ብዙም ሳይቆይ የፕሩሲያ ፓርላማ አባል ሆነ።

አሁን ወደ ፍልሚያው እንምጣ። ንጉሡ ሠራዊቱን ማስፋት ፈለገ፤ ፓርላማው ገንዘቡን አልፈቅድም አለ። በ1862 ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ቢስማርክ በጀቱ ሳይጸድቅ ግብር እየሰበሰበ፣ ወጪ እያወጣ ለአራት ዓመት ያህል ገዛ። ፊርኾ ይህን አጥብቀው ከተቃወሙት አንዱ ነበር። በጁን 1865 ስለ ባሕር ኃይል ወጪ በተደረገ ክርክር ላይ ቢስማርክ የኮሚቴውን ሪፖርት በእርግጥ አንብቦ ከሆነ ስለ እውነተኛነቱ ምን ማሰብ እንዳለበት እንደማያውቅ ተናገረ። ቢስማርክ ውሸታም ተባልኩ ብሎ ለፍልሚያ ጠራው። ፊርኾ እንዲህ ዓይነት ጉዳይ በጥይት አይፈታም ብሎ እንቢ አለ። በቃ፣ እውነተኛው ታሪክ ይሄ ነው፤ ቋሊማ የለበትም።

ቀልዱ የሚሸፍንብን ነገር ግን ትልቅ ነው። ስለ ሙስና ስናወራ ቶሎ የሚመጣልን ጉቦ ነው። ጉቦ የሚፈላው ግን ማንም የማይጠይቀው ገንዘብ ባለበት ነው። ለዚህ ማስረጃው ራሱ ቢስማርክ ነው። በ1866 ጦርነት ሃኖቨርን ጠቅልሎ የንጉሡን ሀብት ከወረሰ በኋላ ከዚያ የሚገኘውን ወለድ ለፓርላማ ሒሳብ ሳያቀርብ ያወጣ ነበር፤ ከፊሉ መንግሥትን ደግፈው እንዲጽፉ ለጋዜጦች ይከፈል ነበር። ከድሉ በኋላ ብዙ ተቃዋሚዎች ከቢስማርክ ጋር ታርቀው አዲስ ፓርቲ መሠረቱ። ፊርኾ ግን በነበረበት ቀረ።

የከተማ ምክር ቤት ሥራው ደግሞ ገንዘብ በአግባቡ ሲወጣ ምን እንደሚሠራ ያሳያል። የበርሊን ቆሻሻ ውኃ በየመንገዱ ዳር በተከፈተ ቦይ ይፈስ ነበር። ፊርኾ ጉዳዩን የሚያጠናውን ኮሚሽን ይዞ ለዓመታት አማራጮችን መረመረ፣ አነጻጸረ። ያኔ ነው ከተማዋ መሐንዲሱ ጄምስ ሆብሬኽት የነደፈውን ዕቅድ የመረጠችው፤ ፍሳሹ በመሬት ውስጥ ተሰብስቦ በፓምፕ ከከተማ ውጭ ወዳሉ እርሻዎች ይሄዳል። ግንባታው በ1873 ተጀመረ። በዓመቱ ደግሞ የከተማዋ የመጀመሪያ የራሷ ሆስፒታል ፍሪድሪኽስሃይን ላይ ተከፈተ፤ ለዚህም ከታገሉት አንዱ እሱ ነበር። የሥጋ ምርመራ ግዴታ እንዲሆንም ተሟግቷል። የቋሊማው ተረት የተወለደው ከዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ፍጹም ሰው ነበር እያልኩ አይደለም። ሐኪሞች እጃቸውን ቢታጠቡ የወላዶች ሞት እንደሚቀንስ ያሳየውን ዜመልቫይስን አልተቀበለውም። በሽታን ጀርም ያመጣል የሚለውንም ሐሳብ ለረጅም ጊዜ ይጠራጠር ነበር። ወረርሽኝ ከኑሮ ጋር ያለውን ትስስር ያን ያህል አጥርቶ ያየ ሰው፣ በሽታ ተሸካሚ እጅን ማየት ከበደው። ይህን ሳነብ አዘንኩ። አንድ ነገር ላይ ትክክል መሆን ሌላው ላይ ዋስትና አይሆንም።

በ1902 መጀመሪያ ላይ በርሊን ውስጥ ከትራም ሲዘል ወድቆ የጭኑ አጥንት ተሰበረ። ከዚያ አላገገመም፤ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 5 በ80 ዓመቱ አረፈ። እስከ ዕለተ ሞቱ የከተማ ምክር ቤትና የፕሩሲያ ፓርላማ አባል ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ በርሊን በስሙ ትልቅ ሆስፒታል ከፈተች።

ኮሌጅ እያለሁ በጀት ለእኔ ሠንጠረዥ ነበር፤ ለፈተና አጥንቼ የምረሳው። የፊርኾን ሕይወት ካነበብኩ በኋላ ግን የጤና በጀት ዜና ሳይ ጠቅላላ ቁጥሩ ላይ አልቆምም። ገንዘቡን ማን አጸደቀው? ሲወጣስ ማን ያየዋል? ሒሳቡ ለማን ይቀርባል? እነዚህን መጠየቅ የሒሳብ ባለሙያ ሥራ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ፊርኾ ግን ሐኪም ሆኖ ጠየቃቸው፣ ለዚያውም አርባ ዓመት ሙሉ። ቀልዱ እናንተም ጋ ከደረሰ ሳቁበት፣ ችግር የለውም። ሼር ስታደርጉት ግን እውነተኛውንም ታሪክ ጨምሩበት።