ካርሎ አባርትና ክፍቱ ኮፈኖ

ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወደ ዓባይ ወርዶ፣ በደጀን አፋፍ ተንጠልጥሎ ደብረ ማርቆስ የሚያደርሰው መንገድ ለማናቸውም ሞተር ፈተና ነው። ሸለቆው ይፋጃል፤ ከወንዙ እስከ አፋፉ ያለው ዳገት ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ያስወጣል፤ ደጋው ላይ ሲደረስ ደግሞ አየሩ ይሳሳል። በ2,400 ሜትር ግድም ከፍታ የአየሩ እፍገት በባሕር ወለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚያንስ፣ በካርቡራተር የሚሠራ ሞተር ጉልበቱን የሚያጣው በዚያው ልክ ነው። በአዲስ አበባ ለረጅም ዘመን በታክሲነት ያገለገለችውን ፊያት ሰይቼንቶን የሚያስታውስ መሐንዲስ እንዲህ ያለው መንገድ ለእርሷ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ባለ 633 ሳንቲ ሜትር ኩብ ሞተሯ ከኋላ የተቀመጠ ሲሆን፣ ራዲያተሯም ንፋስ ፊት ለፊት በሚያገኝበት ስፍራ ሳይሆን እዚያው ከሞተሩ ጎን፣ በኋላው ኮፈኖ ሥር ታፍኖ ይገኛል።

ይህችኑ ትንሽ መኪና ከእሽቅድምድም አደባባይ ያደረሳት ካርሎ አባርት ነው። ሥራው በኢንጂነሪንግ ዓይን ሊጠና የሚገባው ስላሸነፈ ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም የፋብሪካውን ቦዲ ምን ያህል እንደ ነበረ እንደ ተወው ለመረዳት ነው።

አባርት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 15 ቀን 1908 በቪየና ከተማ ተወለደ፤ ስሙም ካርል ነበር። ወጣትነቱን ያሳለፈው በሞተር ብስክሌት ውድድር ነው። በ1934 ጎን ሠረገላ በተገጠመለት ሞተር ብስክሌት ከቤልጅግ ወደብ ከኦስተንድ ተነሥቶ እስከ ቪየና ድረስ ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ በመጋለብ፣ ኦርየንት ኤክስፕረስ የተባለውን ዝነኛ ባቡር ቀድሞ ገባ። በ1930ዎቹ መጨረሻ በዩጎዝላቪያ የደረሰበት ከባድ አደጋ ግን ከውድድር ሕይወት ለየው፤ የጦርነቱንም ዘመን እዚያው አገር አሳለፈ። ጦርነቱ ሲያበቃ ወደ ኢጣልያ ተሻግሮ ካርሎ ተባለ፤ ቺሲታሊያ በተባለው የውድድር መኪና ድርጅትም ውስጥ ሠራ። ድርጅቱ በገንዘብ ችግር ሲንኮታኮት በ1949 የራሱን ኩባንያ አቋቋመ። ኮከቡ ዓቅራብ ስለ ነበረ ጊንጥን አርማው አደረገ።

ኩባንያውን በእግሩ ያቆመው ግን ውድድር ሳይሆን ማርሚታ ነው። የተሻለ ድምፅና ጥቂት ተጨማሪ ጉልበት ለሚሻ ተራ ባለመኪና የሚሸጥ፣ በዚያው በፋብሪካው ማርሚታ ቦታ የሚታሰር ዕቃ ነበር። በአዲስ አበባም ሆነ በደብረ ማርቆስ ጋራዦች እስከ ዛሬ ማርሚታ፣ ኮፈኖና ፓራውልት የሚባሉት ቃላት በቱሪን በአባርት ወርክሾፕ ይነገሩ ከነበሩት ጋር አንድ ሥር ያላቸው መሆናቸው በቋንቋ ታሪክ ብቻ የሚታለፍ ነገር አይደለም፤ የሙያው ዕውቀትም በአመዛኙ የመጣው በዚያው በኩል ነውና።

ሰይቼንቶ በ1955 ለገበያ ስትቀርብ አባርት ይህንኑ የማርሚታ ሐሳብ ወደ መላዋ መኪና አሰፋው። ባለቤቱ መኪናውን ሸጦ ሌላ እንዲገዛ አላስገደደውም፤ መለወጫ ዕቃውን አሰናድቶ አቀረበለት እንጂ። በኋላም ለፊያት 500 ባለቤቶች ይኸው መለወጫ በእንጨት ሣጥን ታሽጎ ይላክ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። የሰይቼንቶ ሲሊንደር ስፋት 60 ሚሊ ሜትር ነበር፤ አባርት 61 አደረገው፤ የፒስተኑንም ምልልስ በአዲስ ኮሎ ከ56 ወደ 64 ሚሊ ሜትር በማርዘም ሞተሩን ወደ 747 ሳንቲ ሜትር ኩብ አሳደገው። ኮሎው ተፈቶ የቀድሞው ሊመለስ ይችላል፤ ከብረቱ የተላገው አንድ ሚሊ ሜትር ግን አይመለስም። ስለዚህ የአባርት ሥራ ሙሉ በሙሉ የሚፈታ ነበር ማለት ስሕተት ነው። የማይመለሰው ለውጥ ከዓይን ተሰውሮ በሞተሩ ሆድ ውስጥ ሲፈጸም፣ ለዓይን የሚታየው ቦዲ ግን በቡሎን ብቻ ተለወጠ።

የዚህ ዋና ምስክር በ1960ዎቹ በ850 ቲሲና በ1000 ቲሲ ላይ የታየው ክፍት ኮፈኖ ነው። ጉልበቱ የጨመረ ሞተር ሙቀቱም ይጨምራል። ሌላ ሰው ቢሆን ቆርቆሮውን በስቶ መስኮት ባወጣለት ነበር። አባርት ግን ኮፈኖውን በአጭር ድጋፍ ዘንግ ከፍ አድርጎ አሰረውና ሙቁ አየር በነፃ እንዲወጣ አደረገ፤ የዘይት ማቀዝቀዣውንም ፊት ለፊት፣ ከፓራውልቱ ዘንድ አኖረው። በኋላም ወደ ላይ የተነሣው ኮፈኖ በአጭሩ የመኪናዋ ጅራት ላይ የአየሩን ፍሰት እንደሚያሻሽል ታየ። ዘንጉ ሲፈታ ኮፈኖው ይዘጋል፤ መኪናዪቱም መልሳ ሰይቼንቶ ትሆናለች።

እርግጥ ነው፣ ዘወትር እንዲህ አላደረገም። በዛጋቶ ቤት የተሠሩት፣ ለተሳፋሪው ራስ ቦታ ሲባል ጣሪያቸው በሁለት ጉብታ የተነፋ የአሉሚኒየም መኪናዎች ከሰይቼንቶ ወለሏንና መካኒኳን ወስደው ቦዲዋን ጥለዋል። በ1960ዎቹ መጨረሻም የውድድር ሕጉ ሰፊ ጎማ ሲፈቅድ ፓራፋንጎዎቹ እየሰፉ ሄዱ። ዛሬ የአባርት መኪናዎች ዋጋ በመናሩ ደኅናውን ሰይቼንቶ ቆርጠው አባርት ለማስመሰል የሚሞክሩ ሰዎች የሚቀዱት ይህንን የኋለኛውን መልክ ነው፤ የተቆረጠውም ፓራፋንጎ ዳግመኛ አይገኝም። በ2010ዎቹ መጀመሪያ የወጣውና በዚያችው በአባርት ከተማ በቱሪን ስም የሚጠራው የታሪካዊ ተሽከርካሪዎች ቻርተር የሚመክረው ለውጥ ግድ ሲሆን ወደ ነበረበት ሊመለስ የሚችል እንዲሆንና የተነሡት ዋና ዋና ዕቃዎች ከመኪናው ጋር እንዲጠበቁ ነው።

አባርት ራሱ ከ1965 ወዲህ የሚታወስበት አንድ ሌላ ነገር አለ። በዚያ ዓመት በኦክቶበር ወር በሞንዛ የፍጥነት ጭማሪ ክብረ ወሰን ለመስበር ሲያስብ የውድድሩ መኪና ጠባብ፣ እርሱ ደግሞ ወፍራም ነበር። መኪናውን ከማስፋት ይልቅ በአመዛኙ ፖም እየበላ ክብደቱን በ30 ኪሎ ግራም ቀነሰ፤ 57 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረውም በዚያች ጠባብ ወንበር ተቀምጦ ክብረ ወሰኑን ሰበረ።

በ1971 ኩባንያውን ለፊያት ሸጠ። ከዚያም ወደ ትውልድ ከተማው ወደ ቪየና ተመልሶ ኖረ፤ በኦክቶበር 24 ቀን 1979፣ በዚያው በዓቅራብ ወር፣ እዚያው አረፈ።