ሐሳቡን ያልበተነ ሰው

መጽሐፍ ከፊታችሁ ተዘርግቶ ሳለ ሐሳባችሁ ሌላ ስፍራ ሲንከራተት ያገኛችሁበት ጊዜ የለምን? ይህ በእናንተ ብቻ የሚደርስ አይደለም። የሐሳብን ተበታታኝነት ተረድተው መላ ካበጁለት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ ነበር።

ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1791 ዓ.ም. በለንደን አጠገብ ከአንድ ድኻ ብረት ቀጥቃጭ ተወለደ። በ14 ዓመቱ ሙያ ለመልመድ ከመጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ገባ፤ ለጥረዛ የሚመጡትንም መጻሕፍት ያነብ ነበር። የማስታወስ ችሎታው ደካማ መሆኑን ስለ ተረዳ ያነበበውንና የሰማውን በደብተር ማስፈር ልማድ አደረገ። በ1812 የታወቀው ኬሚስት ሀምፍሪ ዴቪ በሮያል ኢንስቲትዩሽን የሰጣቸውን አራት ትምህርታዊ ንግግሮች አዳምጦ፣ የያዘውን ማስታወሻ በገዛ እጁ ጠርዞ ላከለት። በተከታዩ ዓመትም የዴቪ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ።

በ1822 ማግኔትን ወደ ኤሌክትሪክ የመለወጥን ሐሳብ በማስታወሻው ጻፈ። ሙከራዎቹ ደጋግመው ቢከሽፉም ጥያቄውን አልተወውም። በ1831 በአንድ የብረት ቀለበት ላይ ሁለት የመዳብ ሽቦዎችን ለየብቻ ጠምጥሞ አንደኛውን ከባትሪ ጋር ሲያገናኝ፣ ከሁለተኛው ሽቦ አጠገብ ያለው የማግኔት መርፌ ተወዛወዘ። መርፌው የተንቀሳቀሰው ግን ሽቦው ከባትሪው ሲገናኝና ሲለያይ ለቅጽበት ብቻ ነበር። ልቡ ሌላ ዘንድ የሄደ ተመልካች ቢሆን ኖሮ ያችን ቅጽበት ሳያያት ባለፈች ነበር። ዛሬ ኤሌክትሪክ የሚያመነጩ ጄኔሬተሮች የሚሠሩት ያን ጊዜ በተገኘው መሠረተ ሐሳብ ነው።

ሐሳብን መሰብሰብ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ፋራዴይ ለነጋዴዎችና ለፋብሪካዎች በሚያደርገው ምርመራ ብዙ ገንዘብ ለማግኘት ይችል ነበር፤ ሆኖም ጊዜውን ለምርምር ለማዋል ሲል ይህን ገቢ ተወ፤ የግብዣ ጥሪዎችንም አብዛኛውን ጊዜ አይቀበልም ነበር። ይሁን እንጂ ያለ ዕረፍት መድከሙ ጎዳው። በ1840 ገደማ አእምሮው ዝሎ ምርምሩን ለጥቂት ዓመታት ለማቋረጥ ተገደደ። ካረፈ በኋላ ተመልሶ በ1845 ማግኔት በብርሃን ላይ ለውጥ እንደሚያስከትል ደረሰበት። በ1867 እስኪሞትም ድረስ በትሕትና ኖረ።

እናንተም ከዚህ ሰው ሕይወት ምን እንደምትወስዱ አስቡ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም። ስታጠኑ አንዱን ብቻ አጥኑ፤ ጥያቄያችሁን ጻፉት፤ ስትደክሙም ዕረፉ። ፋራዴይ በትውልዱ ሀብት፣ በልጅነቱም በቂ ትምህርት አልነበረውም፤ የነበረውን ሐሳብ ግን አላባከነም።