ተሰማ እሸቴ

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ (1869 ዓ.ም. ገደማ – 1957 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ ባለቅኔ፣ ድምፃዊና የመንግሥት ሹም ነበሩ። ዘፈናቸውን በሸክላ በማስቀረጽ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ድምፃዊ በመሆናቸው ይታወቃሉ።

ትውልድ

የተወለዱት በሸዋ፣ ምንጃር ነው። ምንጃር ከይፋት ቆላ በስተደቡብ የሚገኝ የጤፍ አገር ሲሆን፣ ዛሬ እንደ ሸዋ ሮቢት ሁሉ በአማራ ክልል በሰሜን ሸዋ ዞን ውስጥ ነው።

ማሲንቆና ቅኔ

ማሲንቆ ቆዳ በተወጠረበት የእንጨት ሣጥን ላይ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክር ተዘርግቶበት በደጋን የሚመታ መሣሪያ ነው። ዘፋኙ ግጥሙን እዚያው እየፈጠረ፣ ከታዳሚው የሚሰጠውንም እየተቀበለ ያዜማል። በዘመኑ አዝማሪ ይወደድ፣ በምላሱም ይፈራ ነበር፤ ሙያው ግን ዝቅ ተደርጎ ይታይ ነበር። የቤተ መንግሥት ሰው የነበሩት ተሰማ በዘፈን ስማቸውን ማስጠራታቸው ለዚህ ነው ልዩ የሚያደርጋቸው። ግጥሞቻቸው በሰምና ወርቅ የታወቁ ናቸው።

የጀርመን ጉዞ

በ1900 ዓ.ም. መኪና አዲስ አበባ ከገባ ገና ብዙ ሳይቆይ፣ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የአውቶሞቢል ሙያ እንዲማሩ ወደ ጀርመን ላኳቸው። እስከ 1902 ዓ.ም. በቆዩበት ጊዜ በርሊን ውስጥ በማሲንቆ የታጀቡ ዘፈኖችን ከአሥር በላይ በሆኑ ሸክላዎች አስቀረጹ።

የኤሌክትሪክ ማይክሮፎን ገና ስላልነበረ ዘፋኙ ድምፁን የሚያሰማው ወደ ትልቅ ቀንድ መሰል መቀበያ ነበር። አንዱ የሸክላ ገጽ የሚይዘውም ሦስት ደቂቃ ያህል ነው። በድግስ ላይ እንደ ልብ የሚረዝመው ዜማ በዚህ ጊዜ ማለቅ ነበረበት፤ ግጥም የሚሰጥ ታዳሚም አልነበረም።

ሹመትና ውድቀት

ከተመለሱ በኋላ የልጅ ኢያሱ የቅርብ ወዳጅ ሆነው ከፍ ያለ ሹመት አገኙ። ልጅ ኢያሱ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ የተሰማም ዕድል ተገለበጠ፤ ሹመታቸውን አጡ። ልጃቸው ይድነቃቸው ተሰማ በ1914 ዓ.ም. የተወለዱት ከአዲስ አበባ ርቆ፣ ጅማ ላይ ነው።

ቅርስ

ይድነቃቸው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት በመሆን በስፖርቱ ዓለም ታወቁ። በቃል ይዞር የነበረውን የአባታቸውን ግጥም የሰበሰቡትም እሳቸው ናቸው፤ ስብስቡ «ሰምና ወርቅ» በሚል ርእስ ታትሟል። የበርሊኑ ቅጂዎች ደግሞ ከመቶ ዓመት በኋላ በፓሪስ የሚታተመው የ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ 27ኛ ቅጽ ሆነው እንደገና ወጡ። በዚህም የዛሬ አድማጭ ከሬዲዮ ዘመን በፊት የነበረውን የኢትዮጵያ ዘፈን አዘፋፈን ከባለቤቱ ድምፅ ሊሰማ ችሏል።