ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ፦ በገብረ ክርስቶስ ደስታ መንገድ

ከአራት ኪሎ ተነስቶ ስድስት ኪሎ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ ይበቃል። ዳገት ቢሆንም የሚያደክም አይደለም። ሠዓሊውና ገጣሚው ገብረ ክርስቶስ ደስታ በወጣትነቱ የተማረበት፣ ጎልምሶ ያስተማረበት፣ ዛሬም ሥዕሎቹ የተሰቀሉበት ቤት ሁሉም የሚገኙት በዚህች አጭር መንገድ ዙሪያ ነው። የማኅበራችን የጥልፍና የስፌት ክፍል አባላት ባለፈው ወር ይህን መንገድ በእግራችን ሄድንበት። ወር በገባ በአምስተኛው ቀን ሁላችንም አቦን ስለምንሳለም ከዚያ ቀን አርቀን ቅዳሜን መረጥን። ከአቦ በባቡር እስከ ስታዲየም፣ ከዚያ በታክሲ አራት ኪሎ ደረስን። ያስጎበኘችን የአንዲት አባላችን ልጅ ናት፤ ሥዕል ተምራለች። በሥራ ምክንያት የቀራችሁ እህቶች ስላላችሁ ነገሩን እንድጽፍላችሁ ተጠይቄ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ታሪኩ የሚጀምረው ግን ሐረር ነው። ገብረ ክርስቶስ በ1924 ዓ.ም. እዚያ ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ ነጎ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ፤ የብራና መጻሕፍትን በሐረግና በሥዕል ያስጌጡ ነበር። ሐረግ የሚባለው በድሮ መጽሐፍ ራስጌ ላይ እየተጠላለፈ የሚሄደው ጌጥ ነው። የቀሚስ ጥልፍ የምትሠሩ እህቶች አንድ የብራና ገጽ ብታዩ እጃችሁ ወዲያው ያውቀዋል፤ አንዱ ክር በሌላው ሥር አልፎ እንደሚወጣው ነው የሚሄደው። ልጁ ሥዕልን ያወቀው እንዲህ ከአባቱ እጅ ሥር ነው። እናቱን ገና በልጅነቱ አጣ። ጣሊያን ሲገባ የአራት ዓመት ልጅ ነበር፤ ሲወጣ ዘጠኝ ሞልቶታል።

አንድ ነገር ከራሴ ልጨምር። ስለ ገብረ ክርስቶስ የሚናገሩ ሰዎች አባቱን ያነሳሉ፣ ጀርመንን ያነሳሉ፤ የሐረር ሴቶችን ስፌት ሲያነሱ ግን አልሰማሁም። ሐረር ጀጎል ውስጥ የቤቱ ግድግዳ በስፌት ያጌጣል። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ብርቱካንማ ቀለም በክብ ላይ በማዕዘን እየተሰባበረ ይዞራል። የሰው መልክ የለበትም፣ እንስሳም የለበትም፤ ቀለምና ቅርጽ ብቻ ነው። በዚያ ከተማ ያደገ ልጅ በኋላ መልክ የሌለው ሥዕል ቢሥል እኔ ብዙም አልደነቅም።

ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት አዲስ አበባ መጣ፤ ጄኔራል ዊንጌትም ተምሯል። ከዚያ አራት ኪሎ በ1943 ዓ.ም. በተከፈተው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገብቶ ሳይንስ ማጥናት ጀመረ። የመጀመሪያው መቆሚያችን ይህ ግቢ ነበር። ዛሬም ሳይንስ ይማሩበታል፤ ከውጭ ሆነን አጥሩን ይዘን አየነው። በዚያ ዘመን ኮሌጅ የገባ ልጅ ጥቂት ነው፤ የገባም ሥራው፣ ደመወዙ፣ ክብሩ ከፊቱ ተዘርግቶለታል። ገብረ ክርስቶስ ትምህርቱን ሳይጨርስ ተወው። ሥዕል ደግሞ ያኔ በአገራችን ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለቤተ መንግሥት ካልሆነ እንጀራ የሚበላበት ሙያ አልነበረም። ቆመን ይህን ስንሰማ ብዙዎቻችን እንደ እናት አዘንን። የእኔ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ጥሎ ሥዕል ልሣል ቢለኝ ምን እንደምለው አውቃለሁ፤ እዚህ ላይ ባልጽፈው ይሻላል።

በ1957 እ.ኤ.አ. ወደ ጀርመን፣ ኮሎኝ ወደምትባል ከተማ ሄደ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ሠዓሊ የሆነው እዚያ ስለሆነ። ኮሎኝ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአውሮፕላን ቦምብ የፈራረሰች ከተማ ናት። በግንቦት 1942 እ.ኤ.አ. በአንድ ሌሊት ብቻ ሺህ ያህል አውሮፕላን ዘመተባት፤ መሐል ከተማዋ ጦርነቱ ሲያልቅ ከሞላ ጎደል ፍርስራሽ ነበር። ታላቁ ካቴድራሏ ግን ቆስሎም ቢሆን ቆሞ ተረፈ፤ 157 ሜትር የሚረዝሙ ሁለት ሾጣጣ ማማዎች አሉት። ገብረ ክርስቶስ ሲደርስ ከተማዋ ገና እየተሠራች ነበር። በጣሊያን ወረራ ውስጥ ያደገ ልጅ ፍርስራሽ አዲስ አይሆንበትም።

የገባበት የኮሎኝ ትምህርት ቤት ሥዕልን ለብቻው የሚያስተምር አልነበረም። የወርቅና የብር ሥራ፣ የቤተ ክርስቲያን መስታወት፣ የጨርቃ ጨርቅ ሥራና ሥዕል በአንድ ጣሪያ ሥር ነበሩ። አስጎብኛችን ይህን ስትነግረን የሸማ ሥራ የምታውቀው አባላችን ደጋግማ እንድትነግረን ጠየቀቻት። በአገራችን ሸማኔንና ሸክላ ሠሪን ዝቅ አድርጎ የማየት ልማድ እንደነበረ ታውቃላችሁና፣ ከሸማኔ ጎን ተቀምጦ ሥዕል መማር ቀላል ነገር አይደለም።

ሌላም ነገር ነበር። ሂትለር በሥልጣን ሳለ አዲሱን የሥዕል አሳሳል ብልሹ ነው ብሎ ከየሙዚየሙ አስወጥቶ ነበር፤ ሠዓሊዎቹም ተሰደዱ ወይም እንዳይሥሉ ታገዱ። ዮሴፍ ሃውብሪኽ የተባለ የኮሎኝ ጠበቃ ግን እነዚያን ሥዕሎች እየገዛ አኖራቸው፤ ጦርነቱ ባለቀ በዓመቱ፣ በ1946 እ.ኤ.አ.፣ ለከተማው ሰጣቸው። ሥዕሎቹ የተሰቀሉበት አዲስ የሙዚየም ሕንፃ የተመረቀው ልክ በ1957፣ ገብረ ክርስቶስ በሄደበት ዓመት ነው። ሰማይን ሰማያዊ፣ ሣርን አረንጓዴ አድርጎ መሣል ግዴታ እንዳልሆነ፣ የሰው ፊት ሐዘኑን ለመግለጽ ቢጫ ወይም ቀይ ሊሆን እንደሚችል የሚያሳዩ ሥዕሎች ናቸው። ትምህርቱን በጥሩ ውጤት ጨርሶ እዚያው ኮሎኝ ሥዕሎቹን ለሕዝብ አሳየ። ብዙዎቻችን በቃል የምናውቀውን፣ ልጆቻችንም በየትምህርት ቤቱ መድረክ የሚያነቡትን ሀገሬ የተባለውን ግጥም የጻፈውም በዚያ ብርድ አገር ሳለ ነው። አገር ውስጥ ተቀምጦ የተጻፈ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አንድ ሰው በማያውቁት ሰዎች መሐል ዓመታት ቆይቶ ስለ ማር ወለላዋና ስለ ጠበሏ ሲያስብ ምን እንደሚሆን፣ አረብ አገር ሠርታ የተመለሰች እህት ካለቻችሁ ጠይቋት።

በ1962 እ.ኤ.አ. ተመለሰና በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነ። ሁለተኛው መቆሚያችን ይህ ነው፤ ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱት ሲሆን ዛሬ በስማቸው ይጠራል። በዓመቱ ገብረ ክርስቶስ አዲስ አበባ ላይ ሥዕሎቹን ሲያሳይ ከተማው ተከራከረ። ክርክሩ እንዲገባችሁ የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችንን አስቡ። ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያየናል፣ ክፉው በጎን በአንድ ዓይን ይሣላል። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ገላቸው በጠጉር ተሸፍኖ፣ አንበሳና ነብር ከቧቸው፣ ወፏ ከዓይናቸው እንባ ስትጠጣ ሕፃን እንኳ ያውቃቸዋል። ሥዕል ማለት ማን እንደሆነ የሚታወቅ ነገር ነበር። ገብረ ክርስቶስ ደግሞ ቀለም ብቻ፣ ክብ ብቻ፣ መስመር ብቻ ያለበትን ሰቀለ። ይህ ፈረንጅን መቅዳት ነው ያሉ ነበሩ፤ አገሩን ረስቷል ያሉም ነበሩ።

እኔ ሁለቱንም አልቀበልም። ጎልጎታ የተባለውን ሥዕሉን ተመልከቱ፤ በቀይ የተጥለቀለቀ ነው፣ ግን ስቅለት መሆኑን ለማወቅ የሚቸገር ያገራችን ሰው የለም። የተፋፈገ የቆርቆሮ ጣሪያም ሥሏል፤ ዝገቱ ቀይ፣ ቡናማና ብርቱካንማ ሆኖ እርስ በርሱ ይደራረባል። ሳሪስ ላይ ፎቅ ወጥቶ ወደ ታች ያየ ሰው ያንን ሥዕል አይቶታል። አገሩን የረሳ ሰው የድሀ ጣሪያ አይሥልም። በ1965 እ.ኤ.አ. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት የሥነ ጥበብ ሽልማቱን ሰጠው፤ ከእሱ በፊት በነበረው ዓመት የተሸለሙት አፈወርቅ ተክሌ ነበሩ። ሽልማቱ ተቃዋሚዎቹን ሁሉ ዝም አላሰኘም፣ ማስተማሩን ግን ቀጠለ። እሱ ባስተማረበት ዘመን ከትምህርት ቤቱ ከወጡት መካከል ዘሪሁን የትምጌታና ወሰኔ ወርቄ ይገኛሉ፤ ሁለቱም በዓለም የታወቁ ሆነዋል።

አሁን ሰው በሹክሹክታ ወደሚያወራው ነገር ልምጣ። ገብረ ክርስቶስ ከልጅነቱ ጀምሮ ገላውን የለወጠ የቆዳ ሕመም ነበረበት። በአገራችን ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። በአንድ ጽዋ አይጠጣም፣ እጅ ሲዘረጉለት ሰው ያመነታል፣ በሠርግ ላይ ጥግ ይሰጠዋል። ይህ ሰው ግን በየቀኑ ክፍል ገብቶ፣ ሃያ ሠላሳ ወጣት እያየው፣ እጁን አንስቶ ሰሌዳ ላይ ይሥል ነበር። ይህ ሲነገር ከመካከላችን አንዷ ዝም አለች። ስሟን አልጽፍም። ልጇ ፊቱ ላይ በወጣ ለምጽ ምክንያት ሰፈር ውስጥ ስላሾፉበት ከቤት መውጣት ካቆመ ቆይቷል። ሥዕሎቹ ያሉበት ቤት ስንደርስ እኛ ወደ ሌላው ክፍል አልፈን እሷ አንድ ሥዕል ፊት ብዙ ቆየች። የሚቀጥለው ጉዞ መቼ እንደሆነ ጠይቃ ሁለት ስም አስመዝግባለች።

ስለ ሐዘኑ ብቻ የሚጽፉ ሰዎች ያናድዱኛል። እርግጥ የታሰሩ፣ የተጨነቁ፣ የተሰቀሉ ሰዎችን ሥሏል። ቢጫውና አረንጓዴው ግን የሚያለቅስ ሰው ቀለም አይደለም። የተገለለ ሰው ሁሉ ቀኑን ሙሉ የሚያዝን ለምን እንደሚመስለን አላውቅም።

መጨረሻው አጭር ነው። በደርግ ዘመን አገሩን ጥሎ ወጣ፤ በኬንያ በኩል ወደ ጀርመን ተመለሰ፣ እዚያም ሳይረጋ አሜሪካ ገባ። በ1973 ዓ.ም. ኦክላሆማ በሚባለው ክፍለ ግዛት፣ ላውተን በተባለች ከተማ፣ ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው ሞተ። የተቀበረውም እዚያው ነው። ሀገሬ ብሎ የጻፈ ሰው አፈሩ ሌላ ቦታ ነው።

ሥዕሎቹ ግን መጥተዋል። ጀርመን የነበሩት ተመልሰው፣ በ2000 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ በስሙ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ተከፈተ። ሦስተኛውና የመጨረሻው መቆሚያችን ነው። ሰፊና ጸጥ ያለ ቤት ነው፤ ሕፃን ይዛችሁ ብትሄዱም የምታፍሩበት አይደለም። ጉልበት የተረፋችሁ ከዚያ ወጥታችሁ በእቴጌ መነን ትምህርት ቤት በኩል እለፉ፤ የሴት ልጆች ትምህርት ቤት ሆኖ የተከፈተው ገብረ ክርስቶስ በተወለደበት ዘመን አካባቢ ነው።

ግጥሞቹ መንገድ ስጡኝ ሰፊ በሚል ርእስ ከሞተ ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ በ1998 ዓ.ም. በመጽሐፍ ወጥተዋል። አንድ ቅጂ አዋጥተን ገዝተን በቢሮው ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከቁጠባ ደብተሮቹ በላይ አስቀምጠነዋል። በመዝገብ ፈርሞ ለአንድ ሳምንት መውሰድ ይቻላል፤ ዘይት እንዳይነካው አደራ።