ፓውል ኤርሊኽና የፍየሎቹ ደም

ፓውል ኤርሊኽ በ1854 እ.ኤ.አ. በፕሩሲያ ተወለደ። ለአበርገሌ አርቢ ሀብት የሆነችው ፍየል ለእርሱ የምርምር መሣሪያ ሆነችው። በ1900 ግድም ከባልደረባው ሞርገንሮት ጋር የሌሎች ፍየሎችን ደም ለአንዲት ፍየል በመርፌ ሰጠ፤ ፍየሏም የባዕዱን ደም ሴል የሚያፈርስ ፀረ እንግዳ አካል አበጀች፤ የራሷን ደም ግን አልነካችም። ሰውነት ራሱን እንዳያጠቃ የሚያግደው ሥርዓት መኖር አለበት ሲል ደመደመ። ብዙዎች ግን ራስን ማጥቃት ከቶ አይከሰትም እንዳለ አድርገው ወሰዱት፤ የተሳሳተ ንባብ ነበር። በ1908 የኖቤል ሽልማትን ከተፎካካሪው መችኒኮፍ፣ ከበላዔ ተሕዋስ ሴሎች አጥኚ፣ ጋር ተጋራ፤ በ1915 ሞተ። የእገዳው ቁልፍ በከፊል በተፎካካሪው ወገን፣ በተፈጥሯዊው መከላከያ፣ ተገኘ። የዚህ መከላከያ ሴሎች የተሕዋስያንን ወይም የሞቱ ሴሎችን የዘር ቁስ ሲለዩ ኢንተርፌሮን ያመነጫሉ፤ ምልክቱ ከበረታ ታግደው የነበሩ፣ የራስን አካል የሚያጠቁ ሊምፎሳይቶች ይነቃሉ። በሉፐስ ሕሙማን ደም ውስጥ ኢንተርፌሮን የሚበዛውም በዚሁ መንገድ ነው።