ባርኔጣ ውስጥ የተደበቀው ካሜራ፦ የዶክተር ኤሪክ ሰሎሞን ሕይወትና ሥራ

ዲጂታል ካሜራ ይዞ የሚያውቅ ሰው በመራጩ ላይ ወይም በሜኑው ውስጥ የተደረደሩትን ትንንሽ ሥዕሎች ያውቃቸዋል። የሰው ጭንቅላት፣ ተራራ፣ የሚሮጥ ሰው፣ ጨረቃና ኮከብ፣ ሻማ፣ በረዶ። ሲን ሞድ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። አብዛኞቻችን አንዱን ሥዕል እንመርጥና ቀሪውን ለካሜራው እንተወዋለን። ካሜራው ደግሞ ብዙ ጊዜ አያሳፍረንም። ታዲያ ሥዕሉን በመረጥን ቁጥር ካሜራው ምን እየወሰነልን እንደሆነ ስንቶቻችን እናውቃለን?

ይህን ጥያቄ ለመመለስ ወደ ኋላ ሄዶ አንድ ሰው ማስታወስ ይጠቅማል። ዛሬ በአንድ ሥዕል የምናዘውን ነገር ሁሉ ይህ ሰው በራሱ ግምት ይወስን ነበር፤ ያውም በደብዛዛ አዳራሽ ውስጥ፣ ማንም ሳያየው። ስሙ ኤሪክ ሰሎሞን ይባላል። ስሙ ለእኛ ጆሮ የሰፈር ልጅ ስም ይመስላል እንጂ ሰውየው ጀርመናዊ አይሁዳዊ ነው። በፎቶ ጋዜጠኝነት ታሪክ ውስጥ ሰዎችን ሳይዘጋጁ፣ እንዳሉ የማንሳት ሥራ አባት ከሚባሉት ዋነኛው እሱ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከባንክ ቤተሰብ እስከ ሞተር ብስክሌት ኪራይ

ሰሎሞን የተወለደው ሚያዝያ 28 ቀን 1886 በርሊን ውስጥ ነው። ቤተሰቡ በባንክ ሥራ የተሰማራና ሀብታም ስለነበር ልጅነቱ የተደላደለ ነበር። ትምህርቱን ግን በአንድ መስመር አልጨረሰም። መጀመሪያ የእንስሳት ሳይንስ፣ ቀጥሎ ኢንጂነሪንግ ሞከረና በመጨረሻ ሕግ ላይ አረፈ። የሕግ ዶክትሬቱንም ሙኒክ ውስጥ ያዘ። ዲፓርትመንት የቀየረ ተማሪ ሁሉ ይህን ቢያውቅ አይከፋም።

አንደኛው የዓለም ጦርነት በ1914 ሲፈነዳ ዘመተ። ብዙም ሳይቆይ ፈረንሳዮች ማረኩትና የጦርነቱን ዓመታት በምርኮ አሳለፈ። በምርኮ ሳለ በአስተርጓሚነት ይሠራ ነበር። ያኔ ያዳበረው ፈረንሳይኛ ከዓመታት በኋላ የዲፕሎማቶችን በር ከፈተለት።

አገሩ ሲመለስ የቤተሰቡ ሀብት የለም። ጦርነቱን ተከትሎ የመጣው የዋጋ ንረት የጀርመንን ገንዘብ ወረቀት አድርጎት ነበር። የሕግ ዶክተሩ ሰሎሞን የተገኘውን ሥራ ሁሉ ሞከረ፤ ሞተር ብስክሌትና በኤሌክትሪክ የሚሄድ መኪና እስከማከራየት ደረሰ። ለዚህ ሥራ ያወጣው ለየት ያለ ማስታወቂያ ኡልሽታይን በተባለው ትልቅ የጋዜጣና የመጽሔት አሳታሚ ድርጅት ሰዎች ዓይን ውስጥ ገባ። እነሱም በማስታወቂያ ክፍላቸው ቀጠሩት።

ካሜራ የያዘው እዚያ እየሠራ ነው፤ በ1927። ዕድሜው 40 ዓመት አልፎት ነበር። በሁለተኛ ዓመታችን ረፈደብን ብለን የምንጨነቅ ሰዎች እዚህ ላይ ትንሽ ትንፋሽ ብንወስድ ጥሩ ነው።

ብርሃን የሚጠጣው ሌንስ

በዚያን ጊዜ ቤት ውስጥ ፎቶ ማንሳት ማለት ማግኒዥየም ዱቄት ማቀጣጠል ማለት ነበር። ቦግ ይላል፣ ይጮሃል፣ ክፍሉን በጭስ ይሞላል። ስለዚህ ሰው ሁሉ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ዓይኑን አፍጥጦ ይጠብቃል። የሚገኘው ፎቶም ያው ነው። ባለሥልጣናት በተርታ ቆመው የሚታዩበት፣ ሕይወት የሌለው ምስል። የፍላሽ አምፖል እንኳ ጀርመን ውስጥ ገበያ ላይ የዋለው በ1929 ነው።

በ1924 ግን ድሬስደን ከተማ የነበረው የኧርነማን ፋብሪካ ኧርማኖክስ የተባለ ትንሽ ካሜራ አወጣ። የካሜራው ጉልበት ሌንሱ ላይ ነበር። መጀመሪያ ኤፍ 2፣ በኋላም ኤፍ 1.8 ሆኖ ተሠራ። ይህ ቁጥር ባነሰ መጠን የሌንሱ ቀዳዳ ይሰፋል፤ የሚገባውም ብርሃን ይበዛል። ዛሬ ከብዙ ጀማሪ ካሜራዎች ጋር አብሮ የሚሸጠው ሌንስ ሰፊው መክፈቻው ኤፍ 3.5 ነው። በስሌት ስናየው የሰሎሞን ሌንስ ከዚህ ወደ አራት እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባ ነበር።

ይህን ሰምቶ ሥራው ቀላል ነበር የሚል ካለ ተሳስቷል። ኧርማኖክስ የሚጠቀመው ፊልም ሳይሆን 4.5 በ6 ሴንቲ ሜትር የሆነ የመስታወት ሳህን ነው። ሳህኑ አንድ በአንድ እየተቀየረ ይገባል። ለብርሃን ያለው ስሜት ከዛሬው ሴንሰር ጋር አይወዳደርም። እኛ አይኤስኦውን 1600 ወይም 3200 ብለን እንገላገላለን፤ ለእሱ እንዲህ ዓይነት ቁልፍ አልነበረም። ስለዚህ ቤት ውስጥ ሲያነሳ መዝጊያው ለሰኮንድ ሩብ ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ተከፍቶ መቆየት ነበረበት። በዚህ ጊዜ ውስጥ ካሜራው መነቃነቅ የለበትም፤ የሚነሳውም ሰው እንዲሁ። በዚያ ላይ ቀዳዳው ሰፊ ሲሆን ጥርት ብሎ የሚወጣው ቦታ በጣም ጠባብ ነው። አንዱ ሚኒስትር ጥርት ካለ ከጎኑ ያለው ሊደበዝዝ ይችላል።

ሰሎሞን ይህን ሁሉ የፈታው በትዕግሥት ነው። ሰዎች በወሬ መሐል ለአፍታ ቀጥ የሚሉበት ጊዜ አለ። ሲያዳምጡ፣ ሲያስቡ፣ ሲሰለቹ። እሱ ያችን አፍታ ይጠብቃል። ፎቶዎቹ ላይ ያሉት ሰዎች በሐሳብ የተዋጡ የሚመስሉት በአጋጣሚ አይደለም፤ ካሜራው ራሱ ሌላ ጊዜ እንዲያነሳ አይፈቅድለትም ነበር።

ፍርድ ቤትና የስብሰባ አዳራሽ

ስሙን ያስጠሩት በ1928 ጀርመን ውስጥ የታዩ የወንጀል ችሎቶች ናቸው። ፍርድ ቤት ውስጥ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነበር። ሰሎሞን ባርኔጣው ላይ ቀዳዳ አበጅቶ ካሜራውን ውስጡ ደበቀው። ሌላ ጊዜ ደግሞ የሰነድ ቦርሳ ውስጥ ደብቆ ገባ። ያነሳቸው ፎቶዎች የበርሊን ሥዕላዊ ጋዜጣ ላይ ወጥተው መነጋገሪያ ሆኑ። እሱም የማስታወቂያ ክፍሉን ሥራ ትቶ የራሱን ሥራ ጀመረ።

በዚያው ዓመት ነሐሴ 27 ቀን ፓሪስ ውስጥ ጦርነትን ለማውገዝ የኬሎግ ብሪያንድ ስምምነት ሲፈረም ሰሎሞን በአዳራሹ ነበር። የፖላንዱ ተወካይ ወንበር ባዶ መሆኑን አየና ሄዶ ተቀመጠበት። ልብሱ እንደ ዲፕሎማት፣ ቋንቋው እንደ ዲፕሎማት፤ ማን ይጠይቀዋል? ወግ ባለው የራት ግብዣ ላይም ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ ስለሚመጣ እንግዶቹ ከራሳቸው እንደ አንዱ ያዩት ነበር።

በ1930 ሄግ ላይ ጀርመን ስለምትከፍለው የጦርነት ካሳ ድርድር ነበር። ሌሊቱ ገፍቶ ሚኒስትሮቹ ወንበራቸው ላይ ተዘርረው፣ አንዳንዱ እንቅልፍ ጥሎት ሳለ አነሳቸው። ያንን ፎቶ ያየ አንባቢ የአውሮፓን ዕጣ የሚወስኑት ሰዎች እንደማንም የሚደክማቸው መሆናቸውን አወቀ። በ1931 ደግሞ የፈረንሳዩ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አሪስቲድ ብሪያንድ አንድ ስብሰባ ላይ አየውና ጣቱን ቀሰረበት። ሰሎሞንም ያችኑ ጣት የተቀሰረችበትን ሰኮንድ አነሳት። ከፎቶዎቹ ሁሉ በጣም የታወቀው ይህ ነው። ብሪያንድ ተቆጥቶ አልነበረም። ሰሎሞን ያልተገኘበትን ጉባኤ ሰው ትልቅ ጉባኤ ነው ብሎ አያምንም እያለ ይቀልድ እንደነበር ይነገራል።

አሜሪካም ተሻግሮ ሠርቷል። በ1932 ዋሽንግተን ውስጥ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱን በችሎት ላይ እንዳለ ያነሳው ክንዱ የተሰበረ መስሎ፣ ካሜራውን በታሰረው ክንዱ ደብቆ ነው። የለንደኑ ግራፊክ መጽሔት የእሱን ፎቶዎች ለመግለጽ የተጠቀመበት ካንዲድ ካሜራ የሚለው ስያሜም እስከ ዛሬ የሙያው ቃል ሆኖ ቀርቷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳያነሱ ማለፍ ተገቢ አይመስለኝም። ተደብቆ ማንሳት ልክ ነው ወይ? በእኔ አስተያየት የሰሎሞን ሥራ ሁሉ በአንድ ሚዛን አይመዘንም። ሚኒስትሮቹ የሕዝብ ጉዳይ ይዘው የተቀመጡ ሰዎች ናቸው፤ ሕዝቡም እንዴት እንደሚሠሩ የማየት መብት አለው። ወንጀለኛ ሳጥን ውስጥ የቆመ፣ ገና ያልተፈረደበት ተከሳሽ ግን ሌላ ነው። እሱ ሥልጣን የለውም፤ ፊቱን የሚደብቅበት ቦታ እንኳ የለውም። ዛሬ በስልክ ማንም ማንንም በሚያነሳበት ጊዜ ይህ ልዩነት ይበልጥ ሊያሳስበን ይገባል።

መጨረሻው

በ1933 ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ አንድ አይሁዳዊ ፎቶ አንሺ ጀርመን ውስጥ ሊሠራ የማይችልበት ዘመን መጣ። የሰሎሞን ባለቤት ሆላንዳዊት ስለነበረች ቤተሰቡ ወደ ሆላንድ ተሰደደ። ኑሮውን ሄግ አድርጎ እዚያው ፎቶ ማንሳቱን ቀጠለ። በግንቦት 1940 ግን የጀርመን ጦር ሆላንድን ያዘ። በስተኋላ ቤተሰቡ ተደብቆ መኖር ጀመረ። በሕይወቱ ሙሉ ተደብቆ ሲያይ የኖረ ሰው አሁን እንዳይታይ መደበቅ ግድ ሆነበት። ይሁን እንጂ ተጠቆመባቸውና ተያዙ። ሰሎሞን፣ ባለቤቱና ትንሹ ልጃቸው ወደ ማጎሪያ ካምፕ ተወሰዱ፤ በ1944 አውሽቪትስ ውስጥ ተገደሉ። ሰሎሞን የሞተው በሐምሌ ወር ሲሆን ዕድሜው 58 ነበር።

ትልቁ ልጁ እንግሊዝ አገር ስለነበር ተረፈ። ከጦርነቱ በኋላ የአባቱን ፎቶዎች ሰብስቦ ለዓለም ያሳወቀው እሱ ነው። ከ1971 ጀምሮ የጀርመን የፎቶግራፍ ማኅበር በዶክተር ኤሪክ ሰሎሞን ስም የፎቶ ጋዜጠኝነት ሽልማት ይሰጣል።

ወደ ሥዕሎቹ ስንመለስ

አሁን መራጩ ላይ ያሉትን ሥዕሎች በሰሎሞን ዓይን እንያቸው። የሰው ጭንቅላት ያለበት ፖርትሬት የሌንሱን ቀዳዳ ሰፋ አድርጎ ከኋላ ያለውን ያደበዝዛል። ተራራው በተቃራኒው ቀዳዳውን አጥብቦ ቅርቡንም ሩቁንም ጥርት ያደርጋል። የሚሮጠው ሰው መዝጊያውን ያፈጥናል፤ ስታዲየም ውስጥ ኳስ ስናነሳ የምንፈልገው ይህን ነው። ጨረቃው ከሰው ጋር ሲሆን ፍላሽ ያበራና መዝጊያውን ያዘገያል፤ ፊቱም ከኋላው ያለው የከተማ መብራትም እንዲታይ። ስለዚህ ፍላሹ ቦግ ካለ በኋላም ሰውየው ትንሽ መቆም አለበት፤ ካሜራው ደግሞ በማቆሚያ ላይ ቢሆን ይመረጣል።

ሻማውና በአንዳንድ ካሜራ ላይ ያለው ሙዚየም የሚባለው ምርጫ ደግሞ የሰሎሞን ናቸው ማለት ይቻላል። ፍላሹን ያጠፋሉ፣ ያለውን ብርሃን ይለቅማሉ፤ ሻማው የመብራቱን ወርቃማ ቀለም ሳያጠፋ ያቆያል። የትንሣኤ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጧፍ የያዘ ሰው ስናነሳ ፍላሽ ብናበራ ጧፉ ትርጉም ያጣል፤ ጸሎቱም ይረበሻል።

በረዶው ለእኛ አገር የማይሆን ይመስላል። እንዲያውም በጣም ይጠቅመናል። የካሜራው የብርሃን መለኪያ ነጭ ነገር ሲበዛበት ብርሃኑ የበዛ ይመስለውና ፎቶውን ያጨልመዋል። በረዶው ይህን ለማረም ብርሃኑን ከፍ ያደርጋል። ጥምቀት ላይ በቀትር ነጠላ የለበሰ ሕዝብ ስናነሳ ነጠላው አመዳም፣ ፊቱም ጥቁር ጥላ ሆኖ የሚወጣው በዚሁ ምክንያት ነው። በረዶውን መርጦ መሞከር ነው።

ሲን ሞድ መጠቀም የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ነገር በፍጥነት ሲከሰት ያድናል። ግን ሥዕሉ ምን እንደሚወስን ስናውቅ፣ ውሳኔው ከሁኔታው ጋር ሳይስማማ ሲቀር በራሳችን እንቀይረዋለን። በተረፈ ካሜራው የማይወስነው ነገር አለ። ይህ ሰው አሁን ይነሳ ወይ? ፍላሽ ማብራት ይገባል ወይ? የትኛው አፍታ እውነቱን ያሳያል? ሰሎሞን በመስታወት ሳህን ሲሠራ ሳህኖቹ የሚቆጠሩ ስለነበሩ እነዚህን ጥያቄዎች ሳይመልስ መዝጊያውን አይጫንም ነበር። እኛ ካርዱ ሺህ ፎቶ ይይዛል ብለን ሳንጠይቅ እንጫናለን። በሚቀጥለው የመስክ ልምምድ ፍላሹን አጥፍተን፣ አንድ ጥግ ይዘን፣ ሰዎቹ እስኪረሱን መጠበቅን ብንሞክረውስ?