ያኮብ በርኑሊ፦ የጨዋታ ሲሙሌሽን ትምህርት መነሻ

ያኮብ በርኑሊ እ.ኤ.አ. በ1655 በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ ተወለደ። በአባቱ ፈቃድ ፍልስፍናና ነገረ መለኮት ቢያጠናም ልቡ ያዘነበለው ወደ ሒሳብ ነበር። ኔዘርላንድንና እንግሊዝን ጎብኝቶ ከተመለሰ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1687 በባዝል ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ፕሮፌሰር ሆነ፤ እስከ ዕለተ ሞቱም በዚያው መንበር ቆየ።

ከእርሱ የቀደሙት ሊቃውንት የዳይስን ዕድል ማስላት ችለው ነበር፤ የገጾቹ ብዛት አስቀድሞ ይታወቃልና። የበርኑሊ ጥያቄ ግን የከበደ ነበር፦ እንደ ዳይስ ገጽ የማይቆጠረው የተጫዋች ብቃት በምን ይለካል? በፈረንሳይኛ፣ ለወዳጅ በተላከ ደብዳቤ መልክ ባዘጋጀው ጽሑፍ የቴኒስን ቀዳሚ ጨዋታ መረመረ። ብቃት የሚገመተው ያለፉ ነጥቦችን በመቁጠር መሆኑን አስረዳ፤ ከነጥብ ይሆናልነት ተነሥቶም የጌምን ይሆናልነት አሰላ።

በዚህ መንገድ፣ እያንዳንዱን ነጥብ የማግኘት ይሆናልነቱ 2/3 የሆነ ተጫዋች አንድ ጌም የማሸነፍ ይሆናልነቱ 208/243፣ ማለትም 0.856 ገደማ ነው። ጀማሪ የፕሮግራም ተማሪ ውጤቱን በጥቂት መስመሮች ሊፈትነው ይችላል። ፕሮግራሙ ከ0 እስከ 1 ያለ የዘፈቀደ ቁጥር ያወጣል፤ ቁጥሩ ከ2/3 ካነሰ ነጥቡን ለመጀመሪያው ተጫዋች፣ አለዚያ ለተጋጣሚው ይሰጣል፤ አንዱ ቢያንስ አራት ነጥብ ይዞ በሁለት እስኪበልጥም ይደግማል።

አሥር ጌም አጫውቶ በውጤቱ የሚተማመን ተማሪ ግን ይሳሳታል። በርኑሊ 20 ዓመት ያህል ያሰላሰለውም ይህንኑ ነበር፦ ስንት ድግግሞሽ ይበቃል? ድግግሞሹ ሲበዛ የታየው ድርሻ ወደ እውነተኛው ይሆናልነት እንደሚጠጋ አረጋገጠ። 30 ነጭና 20 ጥቁር ጠጠሮችን ምሳሌ አድርጎ፣ የታየው ድርሻ ከ3/5 በ1/50 እንዳይርቅ አንድ ሺህ ለአንድ በሆነ እርግጠኝነት ለማለት 25,550 ሙከራ እንደሚበቃ አሰላ። በዛሬው ስሌት 6,500 ያህል ይበቃል፤ ያም ቢሆን ከአሥር እጅግ የራቀ ነው።

በርኑሊ ስሌቱን ለማኅበራዊና ለኢኮኖሚያዊ ጉዳዮች ሊያውለው ቢያስብም ሥራውን ሳይፈጽም እ.ኤ.አ. በ1705 ሞተ። «አርስ ኮንዬክታንዲ» የተሰኘው መጽሐፉ ከስምንት ዓመት በኋላ ደብዳቤውን አክሎ ታተመ። ስለዚህ ሲሙሌሽን የሚያስተምር መምህር ከኮዱ ጎን ሁለት ጥያቄዎችን ሊያነሣ ይገባል፦ የነጥቡ ይሆናልነት ከየት ተገኘ? ሙከራውስ ስንት ጊዜ ተደገመ?